«ኤምፒኤች ልማር ነው» ለሚሉኝ ሁሉ

«ኤምፒኤች ልማር ነው» ይሉኛል፤ የኅብረተሰብ ጤና ማስተርሱን ማለታቸው ነው። «የትኛውን?» እላለሁ። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። አንድ ዲግሪ ስለሚመስላቸው ዩኒቨርሲቲ መምረጥ ብቻ የቀራቸው ነው የሚመስላቸው።

እኔ በጤና መኮንንነት ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ማስተርሴን ከያዝኩ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ የታናናሾቼን ማመልከቻ አነባለሁ። ጎበዞች ናቸው። ግን የትምህርት ቤቱን ስም ያሳድዳሉ እንጂ ውስጡ ምን እንደሚያስተምር አያነቡም። እኔም በጊዜዬ ጓደኞቼ ያመለከቱበት ነበር ያመለከትኩት። የኮርሱን ዝርዝር ያየሁት ከተመዘገብኩ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላው ቀድሞ እንዲያየው ብዬ ነው።

ስሙ አንድ፣ ሥራው ብዙ

የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ከምክንያቶቹ አንዱ እዚያው አቅራቢያ ያለውን ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) አብረው ሠልጥነው በቡድን ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። ጥያቄው ዛሬም ያው ነው። ይሄ አልጋ ላይ የተኛው ሰው ከመታመሙ በፊት ምን ነበር? ጎረቤቱስ ለምን ታመመ?

ማስተርሱ ግን ይህን ጥያቄ ለብዙ ሙያ አከፋፍሎታል። አንድ ወረዳ ላይ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ገባ እንበል።

ኤፒዲሚዮሎጂ የተማረው መዝገብ ይዞ ይቀመጣል። ማን ታመመ? በየትኛው ቀበሌ? በስንተኛው ቀን? ነጥብ በነጥብ ካርታ ላይ ሲያስቀምጠው፣ የታመሙት ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ሆነው ይገኛሉ። ባዮስታትስቲክስ ያጠናችው ቁጥሩን ትረከባለች። ከዚያ ምንጭ የቀዱት በዝተው የታመሙት እንዲያው በአጋጣሚ ነው? ወይስ ልዩነቱ የምር ነው? የአካባቢ ጤና ባለሙያው የውሃ ናሙና ይወስዳል። መጸዳጃው ከምንጩ በላይ፣ ዳገቱ ላይ መቆፈሩንም ያያል። የጤና ማበልጸግ ባለሙያዋ ቤት ለቤት ትዞራለች። የውሃ ማከሚያው ታድሎ ሳለ ለምን ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ? ሽታው ስለማይወደድ ይሆናል። የጤና አገልግሎት አስተዳደር የተማረው፣ ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦአርኤስ ጤና ጣቢያው ላይ ለምን እንዳለቀ፣ የግዢ ጥያቄውም የማን ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ ይከታተላል። የስነ ምግብ ባለሙያዋ ደግሞ ምግብ ያነሳቸውን ለመለየት ከተቅማጡ የተረፉትን ሕጻናት ክንድ ትለካለች።

ሁሉም ኤምፒኤች አላቸው። የሰኞ ጠዋት ሥራቸው ግን አይገናኝም። ከቁጥርና ከኮምፒውተር ጋር መዋል የማይወድ ሰው ስሙ ስላማረው ብቻ ኤፒዲሚዮሎጂ ከገባ ሁለት ዓመት ይሰቃያል። ሰው ማነጋገር የሚያስደስተውም ባዮስታትስቲክስ ውስጥ ይታፈናል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ልትሠሩት የምትፈልጉትን ሥራ የሚመለከቱ አሥር የሥራ ማስታወቂያዎች ሰብስቡ። ምን እንደሚጠይቁ አስምሩበት። ስታታ ወይም አር የሚባሉትን የስታትስቲክስ ሶፍትዌሮች ይላል? የጤና መረጃ መመዝገቢያውን ዲኤችአይኤስ ቱ ይላል? ፕሮጀክት መምራት ይላል? ከዚያ የፕሮግራሞቹን የኮርስ ዝርዝር አጠገቡ አስቀምጡና አንድ በአንድ አነጻጽሩ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ግን ከየትኛውም የደረጃ ሰንጠረዥ የበለጠ ይነግራችኋል።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ኤምፒኤች የሕክምና ፈቃድ አይደለም። ውጭ አገር ያሉ ሐኪሞቻችን አንዳንዴ «መጀመሪያ ኤምፒኤች፣ ከዚያ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና)» ይላሉ። ለማመልከቻቸው ሊያግዝ ይችላል። የፈቃድ ፈተናውን ግን አይተካም። ሐኪም ሆኖ መሥራት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን መጀመሪያ ለፈተናው ያውል።

አገር ውስጥ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዲግሪ ቀደምት ነው። ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐሮማያ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ፣ ባሕር ዳርና የቅዱስ ጳውሎስ ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅም ያስተምራሉ። ጅማ ተማሪን ወደ ኅብረተሰቡ አውጥቶ በማስተማር ስልቱ ይታወቃል።

የመግቢያው መንገድ ይታወቃል። የጤና የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት የምንለው፣ መጥቷል። እሱን ያለፈ እንደየዩኒቨርሲቲው የክፍሉን ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ይቀጥላል። ጋት ላይ የሚጥለው የሕክምና እውቀት ማነስ አይደለም። ፈተናው ሒሳብ፣ ቋንቋና አመክንዮ ነው። ጎበዝ ነርስ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ያላየችው የክፍልፋይ ጥያቄ ይይዛታል። ሁለት ወር በየቀኑ አንድ ሰዓት መለማመድ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

መሥሪያ ቤታችሁ ስፖንሰር የሚያደርጋችሁ ከሆነ ደብዳቤውን ብቻ ሳይሆን ውሉንም አንብቡ። ስንት ዓመት ተመልሳችሁ ታገለግላላችሁ? ካላገለገላችሁ ምን ትከፍላላችሁ? ደመወዝ በትምህርት ላይ ሳላችሁ ይቀጥላል? አንድ የማውቀው ልጅ ውሉን ሳያነብ ፈረመ። ከተመረቀ በኋላ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሊለቅ ሲል ነው ዕዳውን ያወቀው።

የግል ኮሌጅ ከመረጣችሁ «እውቅና አለን» የሚለው ፖስተር አይበቃም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና የሚሰጠው ለፕሮግራሙና ለካምፓሱ ነው። ኮሌጁ አንድ ከተማ ላይ ለነርሲንግ ዲግሪ የተፈቀደለት መሆኑ፣ ሌላ ከተማ ላይ ኤምፒኤች ለማስተማር ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ባለሥልጣኑን ጠይቁ።

ወረርሽኝ ላይ መሥራት ለሚወድ ደግሞ የፊልድ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠና አለ። ዩኒቨርሲቲዎች ከኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጋር ሆነው የሚሰጡት የሁለት ዓመት ትምህርት ነው። አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ከክፍል ውጭ ነው። ኩፍኝ ገባ ሲባል ተማሪው መኪና ላይ ወጥቶ ይሄዳል፣ ይመረምራል፣ ሪፖርት ይጽፋል። ሥራውን እየሠሩ መማር ነው፤ በግሌ በጣም ነው የማከብረው።

ስለ ቴሲስ፣ ማለትም ስለ መመረቂያ ጥናቱ፣ አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ላይ ብዙ ስለማይወራ። ብዙ ተማሪ የአገር አቀፉን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ የኢዲኤችኤስን፣ ዝግጁ መረጃ አውርዶ ይተነትናል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ትንተናም ያስተምራል። ግን መጠይቅ አዘጋጅቶ የማያውቅ፣ መረጃ ሰብሳቢ ያላሠለጠነ፣ ዝናብ ላይ ሰባት ቀበሌ ያልዞረ ሰው ሲመረቅ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ከምታመለክቱበት ክፍል የተመረቁ ሰዎችን ቴሲስ ርዕስ ፈልጉ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲ በድረ ገጹ ያስቀምጣል። ሃያውም ርዕስ ከአንድ ዳታ ከሆነ፣ እዚያ መስክ የምትወጡበት ዕድል ጠባብ ነው ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከስድስት ዓመት በፊት

ውጭ አገር ለመማር የሚያስበው ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ጊዜውን ነው። እንደተመረቀ ያመለክታል፤ አይሆንም። ወይም ልጅ አሳድጎ፣ ቤት ሠርቶ በአሥረኛው ዓመት ያስበዋል፤ አንዳንዱ በር ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

ቁጥሮቹን ተመልከቱ። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። የስዊድን ኢንስቲትዩት ስኮላርሺፕ 3,000 ሰዓት ይላል። የጀርመኑ ዳአድ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች በሚሰጠው፣ ኤፖስ በሚባለው ስኮላርሺፕ ሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል። የመጨረሻው ዲግሪ ደግሞ ከስድስት ዓመት በላይ ያለፈው እንዳይሆን ይጠይቃል። ስለዚህ ከተመረቃችሁ ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ዓመት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። በዚያ ውስጥ በየዓመቱ ማመልከት ይቻላል።

ስዊድን ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ጉድጓድ ልጠቁም። ማመልከቻው ሁለት ነው። መጀመሪያ ለዩኒቨርሲቲው፣ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ። ከዚያ ለስኮላርሺፑ ለብቻው፣ በፌብሩዋሪ። የመጀመሪያውን ብቻ ሞልቶ ስኮላርሺፕ ሲጠብቅ የከረመ ሰው አውቃለሁ። ኖርዌይም እንደ ድሮው ነጻ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡ አዲስ ተማሪዎች ይከፍላሉ። «የአጎቴ ልጅ በነጻ ተምሯል» የሚለው ወሬ ጊዜው አልፎበታል።

ለንደን ያለው የንጽሕናና ትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ማስተርሱን በአንድ ዓመት ይጨርሳል፤ በርቀት የሚማሩትም አለው። ሃይደልበርግ የዓለም አቀፍ ጤና ማስተርስ አለው። ኢየሩሳሌም በሐዳሳ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ኤምፒኤች ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተምሯል። ሩቅ መሄድ ለማይፈልግ ደግሞ ሩዋንዳ ቡታሮ ላይ ያለውን የዓለም አቀፍ ጤና ፍትሕ ዩኒቨርሲቲ ይመልከት። ገጠር ውስጥ ከሆስፒታል አጠገብ ነው የተሠራው፤ የጤና አገልግሎት ለድሃው እንዴት ይድረስ የሚለው ላይ ያተኩራል።

በውጭ የተማረ ሰው ሲመለስ ዲግሪውን አገር ውስጥ ማስገመት አለበት። በተለይ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ለመማር ያሰባችሁ፣ ይቀበሉት እንደሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።

አሜሪካ ላላችሁት

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ አትላንታ፣ ሚኒሶታ፣ ሲያትል ያላችሁ፤ ነርሶች፣ ሆም ሄልዝ የምትሠሩ፣ ማታ ሺፍት የምትገቡ። ለእናንተ ጥያቄው ትንሽ ይለያል።

መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ በሴፍ እውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጡ። የኅብረተሰብ ጤና ትምህርትን የሚያረጋግጠው ምክር ቤት ይሄ ነው፤ ዝርዝሩ በድረ ገጹ አለ። በሴፍ መስፈርት ኤምፒኤች ቢያንስ 42 ክሬዲት ነው። የተግባር ልምምድም ግዴታ ነው። «በስድስት ወር እንጨርስላችኋለን» የሚል ካያችሁ ተጠንቀቁ።

ማመልከቻው በብዛት ሶፋስ በሚባለው የጋራ መግቢያ ያልፋል። አንድ ጊዜ ሞልታችሁ ለብዙ ትምህርት ቤት ትልካላችሁ፤ ለእያንዳንዱ ግን ክፍያ ይጨመራል። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ ትራንስክሪፕቱ የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ በሚገመግም ድርጅት፣ በብዛት በዌስ፣ መገምገም አለበት። ሬጅስትራሩ አሽጎ ይልካል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይላካል። ከማመልከቻው ስድስት ወር ቀድማችሁ ጀምሩት። ጂአርኢ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና አብዛኛው ትምህርት ቤት ትቶታል። በእሱ ፍርሃት ብቻ የተዋችሁ ካላችሁ እንደገና ተመልከቱ።

ስለ ገንዘብ የምለው አጭር ነው። የምትኖሩበት ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ በነዋሪ ዋጋ፣ ሴፍ ያለው ከሆነ ከዚያ ጀምሩ። ለስም ብሎ ሦስት እጥፍ መክፈል ለአብዛኛው ሰው አይመከርም። የኅብረተሰብ ጤና ደመወዝ የሐኪም ደመወዝ አይደለም። የፌዴራል ብድር ሕጉም ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው ተጨማሪ ብድር ለአዲስ ተበዳሪ ይቀራል። መደበኛው የማስተርስ ብድር በዓመት 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላ 100,000 ዶላር ላይ ይቆማል። ከዚያ የተረፈው ከኪስ ወይም ከግል ባንክ ነው የሚመጣው። ሆስፒታል የምትሠሩ ሰዎች የትምህርት ድጋፍ ይኖር እንደሆነ ኤችአር ጠይቁ። ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ያልፈዋል።

በተማሪ ቪዛ የምትመጡ ሌላ ነገር እዩ። ከምረቃ በኋላ ያለው የሥራ ፈቃድ፣ ኦፒቲ፣ አንድ ዓመት ነው። ትምህርቱ በስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ዝርዝር ውስጥ ካለ 24 ወር ይጨመራል። ኤፒዲሚዮሎጂና ባዮስታትስቲክስ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ነገር ግን ወሳኙ የዲግሪው ስም ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ለቪዛ በሚሰጣችሁ ወረቀት፣ አይ-20 ላይ የሚጻፈው ኮድ ነው። 26.1309 ኤፒዲሚዮሎጂ ነው፤ 26.1102 ባዮስታትስቲክስ። «ኤምፒኤች በኤፒዲሚዮሎጂ» ብሎ በጠቅላላ የኅብረተሰብ ጤና ኮድ የሚመዘግብ ትምህርት ቤት ይኖራል። ከመቀበላችሁ በፊት ኢሜይል ጽፋችሁ ኮዱን ጠይቁ።

ወንዙ ሲሞላ

አሁን ወደ ወረቀቱ። ዲግሪው ከእጃችሁ የሌለ፣ ቴምፖ (ጊዜያዊ ማስረጃ) ብቻ የያዛችሁ፣ ኮስት ሼሪንጉን (የትምህርት ወጪ መጋራቱን ዕዳ) ቀድማችሁ ጨርሱ። ሳይከፈል ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣም። የሥራ ልምድ ደብዳቤውም ከወረዳ ሲወጣ በአማርኛ ነው፤ የጀመራችሁበትና የለቀቃችሁበት ቀን በትክክል ይጻፍ፣ ከዚያ ይተርጎም። ድጋፍ የሚጽፍላችሁ ሰው ትልቅ ባለሥልጣን መሆን የለበትም። ሥራችሁን ያየ ይሁን። ቢሮ ኃላፊው «ትጉህ ሠራተኛ ናት» ከሚል፣ የቅርብ አለቃ «የወባ ሪፖርቱን ስህተት ያገኘችው እሷ ናት» ቢል ይሻላል።

ከሁሉም ከባዱ «ለምን መማር ፈለግህ» የሚለው ጽሑፍ ነው። አምና አንዲት አዋላጅ ነርስ ረቂቋን ላከችልኝ። እንዲህ ይጀምራል፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰውን መርዳት እወዳለሁ።» ደወልኩላት።

«ሥራ ላይ ምን ያናድድሻል?» አልኳት።

ትንሽ ቆየችና «ጋሼ፣ ሐምሌ» አለች።

«ምን ሐምሌ?»

«ወንዙ ሲሞላ ከማዶ ያሉት ሁለት ቀበሌዎች ከመዝገቤ ይጠፋሉ። ለመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል የመጣችው እናት ለአራተኛው አትመጣም። የእናቶች ማቆያ አለን፤ ግን የሚያበስልላቸው ስለሌለ ሁለት ቀን አድረው ይሄዳሉ።»

«ይሄንን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ማታ ተረኛ ስሆን የሦስት ዓመት መዝገብ ቆጠርኩት።»

ያ ነው ጽሑፉ። ከልጅነት የተጀመረውን ሰርዛ «ሐምሌ ላይ ወንዙ ሲሞላ ሁለት ቀበሌ ከመዝገቤ ይጠፋል» ብላ ጀመረች። ከዚያ መዝገቡን እንዴት እንደቆጠረች፣ ምን መመለስ እንዳቃታት፣ የትኛው ኮርስ ያንን እንደሚያስተምራት ጻፈች። አንባቢው ይህችን ሴት ያምናታል። እንደሷ ያለ መዝገብ የሌለው ጤና ባለሙያ አላጋጠመኝም፤ መጻፍ የሚገባው መሆኑን አያውቀውም እንጂ።

ሁለት ቦታ ተቀበሏት። አንዱ ስሙን ሁሉም የሚያውቀው ነበር፤ ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ያለ ስኮላርሺፕ። ሌላው ስሙ ብዙም የማይነሳ፤ የስነ ተዋልዶ ጤና፣ ከሙሉ ስኮላርሺፕ ጋር። ቤተሰቡ ሁሉ «ስሙን ያዢ» አላት። እኔ ለሁለቱም ክፍሎች አራት ጥያቄ እንድትልክ ነገርኳት። አድቫይዘሬ ማን ይሆናል? በአሁኑ ጊዜ ስንት ተማሪ ይዟል? የራሴን መረጃ ለመሰብሰብ የመስክ በጀት አለ? ባለፈው ዓመት ከተመረቁት ሁለቱን ላነጋግር እችላለሁ?

ስሙ ከሚታወቀው የመጣው የተዘጋጀ መልስ ነበር፤ ድረ ገጹ ላይ ያለው ቃል በቃል። ከሌላው አንዲት መምህርት ራሷ ጻፈች። አራት ተማሪ እንዳላት፣ የመስክ በጀቱ ትንሽ ቢሆንም እንዳለ፣ ስለ እናቶች ማቆያ ቤት ከዚህ በፊት ሠርታ እንደምታውቅ ነገረቻት። የሁለት ተመራቂዎች ስልክም ላከችላት።

ነርሷ የኮርሶቹን ዝርዝር አትማ፣ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረች ለሁለት ቀን አየችው። ስነ ተዋልዶው ላይ የባዮስታትስቲክስ ኮርስ አንድ ብቻ ነበር፤ አሳሰባት። ጻፈችላቸውና ከኤፒዲሚዮሎጂ ክፍል አንድ ተጨማሪ መውሰድ እንደምትችል ነገሯት። ከዚያ እሱን ተቀበለች። የቴሲሷን መረጃ የምትሰበስበው ዘንድሮ ክረምት ነው፤ ወንዙ ከመሙላቱ በፊት ማዶ ተሻግራ መቀመጥ አለባት።